የመጀመሪያ ስቴቶስኮፕ፦ የትኛውን ልግዛ ለምትሉ የሕክምና ተማሪዎች

ክሊኒካል የጀመርን ሰሞን ነበር። አዲሱን ስቴቶስኮፔን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ዋርድ ገባሁ። አንዲት እናት ደረት ላይ አሳረፍኩትና ጠበቅኩ። ምንም ድምፅ የለም። ቦታ ቀየርኩ። አሁንም ጸጥ። እናትየዋ ፊቴን ትክ ብለው እያዩ፣ "ልጄ፣ ክፉ ነገር አገኘሽብኝ እንዴ?" አሉኝ። አጠገቤ የነበረው ሲኒየር ቀረብ አለና፣ ደረት ላይ የሚያርፈውን ጭንቅላት በሁለት ጣቱ ይዞ ቀጭ አድርጎ አዞረው። የልባቸው ምት ወዲያው ጆሮዬን ሞላው።

ዕቃው ምንም አልሆነም። ባለ ሁለት ገጽ ስቴቶስኮፕ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው በአንዱ ገጹ ብቻ ነው። የእኔ ወደ ሌላኛው ዞሮ ነበር። ከመግዛቴ በፊት ስለ ብራንዱና ስለ ቀለሙ ያልጠየቅኩት ሰው አልነበረም። እንዴት እንደሚሠራ ግን አንድም ሰው አልጠየቅኩም። የእኚያ እናት ፊት ላይ ያየሁት ድንጋጤ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ተማሪዎች "የትኛውን ብራንድ ልግዛ?" ሲሉኝ ከብራንድ አልጀምርም። መጀመሪያ የምጠይቀው ጆሮአችሁ ላይ በደንብ ይገጥማል ወይ ብዬ ነው። ቀጥሎ፣ ወፍራሙንና ዝቅ ያለውን ድምፅ ያሰማል ወይ? ብራንድ የሚመጣው ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ነው።

ጆሮ ላይ መግጠሙ ለምን ይቀድማል?

ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ የመጀመሪያውን ስቴቶስኮፕ የሠራው ከወረቀት ነው። የአንዲት ወጣት ታካሚ ደረት ላይ ጆሮውን መለጠፍ ከብዶት ወረቀት ጠቀለለና አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። ድምፁ ጆሮን በቀጥታ ከመለጠፍ ይበልጥ ጠርቶ ተሰማው። በኋላ ወደ እንጨት ቱቦ አሳደገው። ለሁለት ጆሮ የሚሆነው የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ይህን ያነሳሁት የዕቃው መሠረት ዛሬም ያው ስለሆነ ነው። ቱቦ ውስጥ የታሸገ አየር ነው ድምፁን የሚያመጣው። አየሩ ከሾለከ ድምፁም ይሾልካል። በጣም ውድ የሆነው ስቴቶስኮፕ ጆሮ ላይ ክፍተት ካለው ተራው ይበልጠዋል።

የጆሮ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ አይገባም። በትንሹ ወደ ፊት ያዘነብላል። ለዚህ ነው የጆሮው ብረት የታጠፈው። ስታደርጉት ጫፎቹ ወደ አፍንጫችሁ አቅጣጫ ማየት አለባቸው። ገልብጦ የሚያደርግ ተማሪ በየዓመቱ አያለሁ። "ይሄ ዕቃ አይሰማም" ይላል። ዕቃው ይሰማል፤ ድምፁ የሚፈሰው ግን ወደ ጆሮው ግድግዳ ነው።

ልትገዙ ስትሉ መጀመሪያ አድርጉትና ዝም ብላችሁ ቁሙ። የክፍሉ ጫጫታ ቀነስ ማለት አለበት። ካልቀነሰ የጆሮ ላስቲኩ አልገጠመም። ደህና ስቴቶስኮፖች ከአንድ መጠን በላይ የጆሮ ላስቲክ ይዘው ይመጣሉ፤ ቀይራችሁ ሞክሩ። ለስላሳው ጆሮን ይሸፍናል፣ አይቆረቁርም። ደረቁ ፕላስቲክ ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ያሳምማል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያው ዕቃዬ ጆሮዬን በጣም ይጨምቀኝ ነበር። ሕመሙ ስለሚያስቸኩለኝ አራቱንም የልብ ማዳመጫ ቦታዎች በጥድፊያ ነበር የምጨርሰው። ረጋ ብሎ ማዳመጥን የተማርኩት ዕቃውን ከቀየርኩ በኋላ ነው።

ከጠበቀ ሁለቱን የጆሮ ብረቶች ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ሳቡ። ከላላ ቱቦው ጋ የሚገናኙበትን ቦታ ጨበጥ አድርጉት። በአንዴ በኃይል አይደለም፤ ትንሽ እያደረጋችሁ፣ እየሞከራችሁ።

ቤል፣ ዲያፍራም፣ ወይስ ሁለቱን በአንድ?

ዋናው ንጽጽር እዚህ ላይ ነው። ሻጭም ጓደኛም ብዙ ጊዜ የማይነግራችሁ ይህን ነው።

ጠፍጣፋው፣ በቀጭን ፕላስቲክ የተሸፈነው ገጽ ዲያፍራም ነው። ቀጫጭን፣ ከፍ ያሉ ድምፆችን ያጎላል። የመጀመሪያውና የሁለተኛው የልብ ድምፅ፣ የሳንባ ድምፅ፣ አኦርቲክ የሚባለው የልብ ቫልቭ ሲያፈስ የሚሰማው ለስላሳ ነፋስ መሰል መርመር (ከልብ ምቶቹ ሌላ የሚሰማ የደም ፍሰት ድምፅ)፣ ሁሉም በዲያፍራም ይሰማል። አጥብቆ መጫን ያስፈልገዋል። ስታነሱት ቆዳው ላይ ቀለል ያለ ክብ ምልክት ቢተው ልክ ናችሁ።

ትንሹ፣ ጎድጎድ ያለው ገጽ ቤል ነው። የእሱ ሥራ ወፍራምና ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፦ ሦስተኛውና አራተኛው የልብ ድምፅ፣ ማይትራል ቫልቭ ሲጠብ የሚመጣው መርመር። ቤል ላይ ሕጉ ይገለበጣል፤ መጫን የለበትም። ስትጫኑት ከሥሩ ያለው ቆዳ ይወጠርና ራሱ ዲያፍራም ይሆናል። ዝቅተኛው ድምፅ ይጠፋል።

ይህን ከመጽሐፍ አንብቤው ነበር። የገባኝ ግን አንድ ወጣት ታካሚ ላይ ነው። ማይትራል ቫልቩ ጠቧል። በግራ ጎኑ አስተኛነው። ቤሉን ከግራ ጡቱ በታች፣ የልቡ ጫፍ የሚመታበት ቦታ ላይ አደረግኩ። ሁለቱ የልብ ድምፆች ይሰሙኛል፤ በመካከላቸው ግን ባዶ ነው። አስተማሪያችን እጄን አየና "አቅልዪው፤ ቆዳውን ልትነኪው ስትዪ ተዪው" አለኝ። ጣቶቼን አላላሁ። ያኔ መጣ። ሰማይ ከሩቅ ሲያጉረመርም እንደሚሰማው ዓይነት፣ ደብዘዝ ያለ፣ ከሁለተኛው ድምፅ በኋላ። ጫን ስል ይጠፋል፤ ላላ ሳደርግ ይመለሳል። አራት አምስት ጊዜ ደጋገምኩት። ቤል ለምን እንዳለ ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

በአሁኑ ጊዜ ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አሠራር ታገኛላችሁ።

አንደኛው ጥንታዊው ነው፤ በአንድ በኩል ዲያፍራም፣ በሌላው ክፍት ቤል። ሁለተኛው በግፊት የሚስተካከል ዲያፍራም ያለው ነው። ዲያፍራሙ ዳሩ ላይ በተለጣጭ ቀለበት ስለተያዘ ቀለል አድርጋችሁ ስታሳርፉት ዝቅተኛውን፣ ጫን ስትሉት ከፍተኛውን ድምፅ ያሰማል። ሳትገለብጡ ሁለቱንም ትሰማላችሁ። ሦስተኛው አንድ ገጽ ብቻ ያለው ነው። ሊትማን የሚባለው ብራንድ ማስተር ካርዲዮሎጂ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሁሉም ነገር በእጃችሁ ግፊት ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ዓይነት ልምድ ላለው ሰው ምቹ ነው። ለጀማሪ ግን አንድ ችግር አለበት። እጃችሁ ገና ስላልለመደ ሳታውቁት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ግፊት ትጫናላችሁ። ያኔ ዝቅተኛው ድምፅ መኖሩንም አታውቁም። ክፍት ቤል ግን ያስገድዳችኋል። ገልብጣችሁ ቤሉን ስታደርጉ "አሁን ዝቅተኛውን ልፈልግ ነው" ብላችሁ ታስባላችሁ። ለመጀመሪያ ዕቃ ስለዚህ የኔ ድምፅ ባለ ሁለት ገጽ ለሆነውና ክፍት ቤል ሊኖረው ለሚችለው ነው። ባለ አንድ ገጹን ለኋላ አቆዩት።

ሞዴሎቹን ጎን ለጎን

ብዙ ተማሪ የሚያውቀው ስም ሊትማን ስለሆነ ከእሱ ልነሳ። ዴቪድ ሊትማን የልብ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ጥሩ ስቴቶስኮፕ ምን ማሟላት እንዳለበት ጽፎ አሳተመ፦ ሁለቱም ገጾች ይኑሩት፣ ቱቦው ጠንከር ያለ ይሁን፣ በተቻለ መጠን ይጠር፣ ለመያዝ ቀላል ይሁን። ዛሬም ስቴቶስኮፕ ስታወዳድሩ ይህ ዝርዝር ያገለግላል።

ላይትዌት 2 የሚባለው ከሊትማን ሞዴሎች ቀለል ያለው ነው፤ 120 ግራም ገደማ። አንድ ቀን ሙሉ አንገት ላይ ቢውል አይሰማችሁም። ለደም ግፊትና ለመሠረታዊ ምርመራ የተሠራ ነው። ለዚያ ይበቃል። መርመር መለየት ለሚማር ሰው ግን ቶሎ ያንሳል። በዓመቱ ሌላ መግዛታችሁ አይቀርም።

ክላሲክ 3 ወደ 150 ግራም ይመዝናል። ጭንቅላቱ አይዝጌ ብረት ነው። ትልቁ ገጽ ለአዋቂ፣ ትንሹ ለሕፃን ነው፤ በሁለቱም በኩል ያለው በግፊት የሚስተካከል ዲያፍራም ነው። ብዙ ተማሪ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ትንሽ የጎማ ቀለበት ይመጣል። የትንሹን ገጽ ዲያፍራም አውልቃችሁ ያንን ስትገጥሙ ክፍት ቤል ይሆናል። ብዙዎቹ ሳጥኑን ከነቀለበቱ ይጥሉታል። እባካችሁ አትጣሉት። እኔ ብሆን ከመጀመሪያው ቀን ቤሉን እገጥመዋለሁ፤ ሕፃናት ሕክምና ስደርስ ዲያፍራሙን እመልሳለሁ።

ካርዲዮሎጂ 4 ከበድ ይላል፤ ረጅም ቱቦ ያለው 177 ግራም አካባቢ ነው። ዋናው ልዩነቱ ከውጭ አንድ በሚመስለው ቱቦ ውስጥ ሁለት የድምፅ መንገድ መኖሩ ነው፤ ለየጆሮው አንድ። ድምፁ ከክላሲክ ሞላ ያለ ነው። ጫጫታ ባለበት ዋርድ ላይ ልዩነቱ ይታወቃል። እሱም ቢሆን ወደ ክፍት ቤል ይቀየራል።

እንግዲህ ክላሲክ ወይስ ካርዲዮሎጂ? ይህ ክርክር በተማሪዎች መካከል አያልቅም። የኔ አቋም ግልጽ ነው። ለአብዛኛው ተማሪ ክላሲክ 3 ወይም በእሱ ደረጃ ያለ ሌላ ዕቃ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ፈተና ጤናማውን ድምፅ ጆሮ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ለዚያ ደግሞ ከዕቃው ጥራት ይልቅ የምታዳምጡት ደረት ብዛት ይወስናል። ካርዲዮሎጂን የምመክረው ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛ፣ ውስጥ ደዌ ወይም ልብ ሕክምና ላይ ቁርጥ ሐሳብ ያለው። ሁለተኛ፣ ሁለቱን አንድ ደረት ላይ አፈራርቆ ሞክሮ ልዩነቱን በራሱ ጆሮ የሰማ። ልዩነቱ ካልተሰማችሁ ትርፉን ገንዘብ አስቀሩት።

ኤምዲኤፍ፣ ኤዲሲ፣ ሪስተርና ሃይነ የሚባሉትም ጥሩ ዕቃ ይሠራሉ። ኤምዲኤፍ በዕድሜ ልክ ዋስትናው ይታወቃል፤ ሊትማን እንደ ሞዴሉ ከ2 እስከ 7 ዓመት ይሰጣል። ዋስትና ግን ዕቃውን የምትልኩበት መንገድ ሲኖር ነው የሚጠቅመው። ከመግዛታችሁ በፊት የጆሮ ላስቲክና ዲያፍራም ለብቻው የምታገኙበት ቦታ መኖሩን አጣሩ። የሚጠፋውና የሚሰበረው እሱ ነው።

ስፕራግ የሚባለውን ባለ ሁለት ቱቦ ዓይነትም ታያላችሁ። ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ብዙ ጊዜ የተለያየ መጠን ያላቸው ቤሎችና ዲያፍራሞች ያሉት ጥቅል ሆኖ ይሸጣል። ድምፁም መጥፎ አይደለም። የሚያስቸግረው ሁለቱ ቱቦዎች እርስ በርስ ሲፋተጉ ነው። ያ ኮሽታ ሳንባ ላይ ከሚሰማ ክራክል (የመንኮሻኮሽ ድምፅ) ጋር ይምታታል። ለጀማሪ ጆሮ ይህ ከባድ ነው። አቅም የሚፈቅደው እሱን ብቻ ከሆነ ሁለቱ ቱቦዎች እንዳይላቀቁ በቅንጥብ አያይዟቸው፤ እያዳመጣችሁ ደግሞ ቱቦውን አትንኩ። በዚህም መማር ይቻላል።

ዋጋ ሁሉንም ነገር እንደማይወስን የሚያሳይ አንድ ሥራ አለ። ታሬክ ሉባኒ የሚባል ጋዛ ውስጥ የሠራ ሐኪምና ባልደረቦቹ በሦስት አውታር (3D) ማተሚያ የሚታተም ስቴቶስኮፕ ሠርተው ንድፉን ለማንም በነፃ ለቀቁት። ስሙ ግሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት የድምፅ አቅሙን ከሊትማን ካርዲዮሎጂ 3 ጋር አወዳድረው ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። ይህን ሳነብ በጣም ነበር ደስ ያለኝ። ርካሽ ዕቃ በያዘ ተማሪ ላይ ማንም ሊስቅ አይገባም።

ኤሌክትሮኒክሱስ?

ድምፅ ያጎላል፣ የውጭ ጫጫታ ይቀንሳል፣ ይቀዳል፣ ስልክ ላይ የድምፁን ሞገድ ያሳያል። አሪፍ ነው። የመስማት ችግር ላለበት ተማሪ ወይም ሐኪም ደግሞ ከአሪፍም በላይ ነው፤ የሙያውን በር የሚከፍትለት እሱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነት ችግር ካለባችሁ ከእሱ ጀምሩ፤ ማቅማማት አያስፈልግም።

ለሌላው ግን የመጀመሪያ ዕቃ አይሁን። ባትሪው ያልቃል፤ ሁልጊዜም የሚያልቀው ራውንድ መሀል ነው። የጎላው ድምፅ ቃናው ከተለመደው ይለያል። ጆሮአችሁ እሱን ከለመደ በኋላ ተራውን ስትይዙ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። በየዋርዱና በየጤና ተቋሙ የምታገኙት ደግሞ ተራውን ነው።

ቀሪዎቹ፣ በአጭሩ

ቱቦ፦ የተለመዱት ሁለት ርዝመቶች 56 እና 69 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው። ዴቪድ ሊትማን አጭሩን ነበር የሚመክረው፤ በተግባር ግን ልዩነቱን ጆሮአችሁ ለመለየት ይቸገራል። ረጅሙ ከታካሚው ፊት ትንሽ ያርቃችኋል፣ ወገባችሁንም ያሳርፋል። ረጅም ሰው ከሆናችሁ ረጅሙን ውሰዱ።

ቀለም፦ የወደዳችሁትን። ደማቅ ቀለም ቶሎ አይጠፋም፤ ሰው በስህተት ይዞት ቢሄድም ይታወቃል።

የሕፃናት ጭንቅላት፦ ለብቻው የሕፃናት ስቴቶስኮፕ አሁን አትግዙ። የባለ ሁለት ገጹ ትንሹ ጎን ይበቃል።

ፎርጅድ እንዳይሸጥላችሁ

ታዋቂ ስም ያለው ሁሉ ይፎረጃል። የክላሲክና የካርዲዮሎጂ ሊትማን ጭንቅላት ላይ መለያ ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። ቁጥሩ የለም ወይም በጥፍር ስትፍቁት የሚለቅ ከሆነ ተዉት። ክብደቱንም በእጅ መዝኑ፤ አይዝጌ ብረት ቀዝቀዝና ከበድ ይላል። ዋጋው ከሌላው ሁሉ በግማሽ ካነሰ ምክንያት አለው።

ያገለገለ መግዛት ግን አያሳፍርም፤ ጥሩ ዕቃ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ቱቦውን አጥፉት። ደርቆ የሚሰነጠቅ ከሆነ አየር ያሾልካል። የዲያፍራሙን ዙሪያ በጣት ዳሱት፤ መሰንጠቅ የለበትም። ጭንቅላቱን አሽከርክሩት፤ በሁለቱም በኩል ቀጭ ብሎ መቆም አለበት። የጆሮ ላስቲኩን ደግሞ በአዲስ ቀይሩ፤ የሰው ኩክ ያለበትን ጆሮአችሁ ውስጥ አትክተቱ።

አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ልብ አዳምጡ። ዲያፍራሙን በጣት ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉ። ድምፁ ጎልቶ ከመጣ ወደ ዲያፍራሙ ዞሯል ማለት ነው፤ ካልመጣ ጭንቅላቱን አዙሩ። ከዚያ ከግራ ጡት በታች፣ በአምስተኛው የጎድን አጥንቶች ክፍተት ላይ አሳርፉት። አንድ ደቂቃ ሙሉ ስሙ። ሌላውን ዕቃ ያው ቦታ ላይ አድርጋችሁ ድገሙት። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ተራ በተራ ተዳመጡ፤ የራስን ልብ ጎንበስ ብሎ መስማትና የሌላውን መስማት አንድ አይደለም።

ከገዛችሁ በኋላ በየታካሚው መካከል 70 በመቶ አልኮል ባለው ጨርቅ ጥረጉት። ውኃ ውስጥ አትንከሩት። የእጅ ሳኒታይዘርም አትቀቡት። ፀሐይ የሚያቃጥለው መኪና ውስጥ አትተዉት። አንገት ላይ ስታንጠለጥሉት በኮሌታ ላይ ይሁን፤ የቆዳ ወዝ ቱቦውን በጊዜ ብዛት ያደርቀዋል። ስማችሁን ደግሞ ዛሬውኑ ጻፉበት፤ ነርሶች ጠረጴዛ ላይ ትታችሁት የምትሄዱበት ቀን ይመጣል።